ፊልሙ ውስጥ የሞተችው እናት

አለቃዬ ፈረንጅ ናት፤ ካዚኖው ሆቴል ውስጥ ክፍል የምናጸዳውን ሁሉ የምታዘው እሷ ናት። ከኢትዮጵያ በማደጎ ያመጣቻት ልጅ አለቻት፤ በአራት ዓመቷ መጥታ አሁን አሥራ አራት ሆኗታል። «አማርኛ አስተምሪልኝ» ስትለኝ እንዴት እምቢ ልበል? ሺፍት የምታወጣው እሷ! ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ፓራዳይዝ የሚባለው ሰፈር ያለው ቤቷ እሄድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ትምህርቱን አስቀርታ ፊልም ከፈተችልን። የድሮ ዘመን አውስትራሊያ ውስጥ የሚሆን የፍቅር ታሪክ ነው፤ ማለቂያ የለውም። ነጭ እመቤት፣ ፈረሰኛ፣ ከብት፣ ጦርነት። መሃል ላይ ከአገሬው ጥቁር ሕዝብ፣ ከአቦርጂኖች፣ የተወለደ አንድ ክልስ ልጅ አለ። ያኔ መንግሥት እንዲህ ያሉትን ልጆች ከእናታቸው ጉያ እየነጠቀ ይወስድ ነበር፤ ይሄ እውነት ነው፣ ፊልሙም አልደበቀውም። ግን ጉዱን ስሙ! የልጁ እናት ገና ፊልሙ ሳይሞቅ ትሞታለች። ትሙትልን እንጂ! እሷ ካልሞተች እመቤቲቱ እንዴት እናት ትሁን? ልጅ የተቀሙት እነዚያ እናቶች፣ የሚለቀሰው ለእመቤቲቱ። ደሜ ፈላ።

አለቃዬ በሶፍት ፊቷን እየጠረገች ትንሰቀሰቃለች። ልጅቷ ጠብታ እንባ አልወጣትም። ፊልሙ ሲያልቅ ዞር ብላ፣ «የኔስ እናት ሞታለች?» አለቻት በእንግሊዝኛ።

«ኧረ አለች» አለች አለቃዬ እየተናፈጠች። የማደጎ ድርጅቱ የሰጣት ስልክ ቁጥር አሥር ዓመት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። ይሄ ልብ ነው ወይስ ድንጋይ? አሁን ፊልም ሆዷን አባብቶት «ዛሬውኑ እንደውል» አለች፤ ይባስ ብላ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመረች። ልጅቷ እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ።

በኔ ስልክ ስፒከር ከፍቼ ደወልኩ፤ አገር ቤት መሽቶ ነበር። እናትየው አነሳች። ማን እንደሆንን ስነግራት እልልታና ለቅሶ ተደበላለቀባት። «ትምህርቷን ጨረሰች? ስትጨርስ ትመጣለች ብለውኝ እኮ ነው የሰጠኋት» አለችኝ። «እሷው ታናግርሽ» ብዬ ስልኩን ለልጅቷ ሰጠኋት።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነህ? ናፈቅከኝ» አለች፤ እናቷን አንተ እያለች፣ ቃሉን በአፍንጫዋ እየጎተተች።

ከዚያ እናትየው ተቆጣች።

«ኧረ በማርያም፣ ፈረንጇን ተዉና ልጄን አገናኙኝ!»

ልጅቷ አንድም ቃል አላመለጣትም፤ ያስተማርኳት እኔው ነኝ። «እሷ ናት እኮ!» ብዬ ልጮህ ስል ልጅቷ ስልኩን ዘጋችው።

«ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች አለቃዬ፣ እንባዋ እየወረደ፣ መቅረጿን ሳታቋርጥ።

«ስላሳደግሽልኝ አመሰግናለሁ ነው ያለችሽ» አለቻት ልጅቷ።

አለቃዬ በደስታ አቅፋት አለቀሰች። ልጅቷ ከዚያ ወዲያ አንድ የአማርኛ ቃል አልተነፈሰችም።