እንሰት ሥር የጠፋው ቤታችን

ሆሳዕና ውስጥ የከተማ ፕላን በሚሠራ ቢሮ ተቀጥሬ የመጀመሪያ ሥራዬ በድሮን የተነሳ ፎቶ ላይ ጣሪያ መቁጠር ነበር። ጣሪያ የበዛበት ሰፈር ሰው የበዛበት ተብሎ ካርታው ላይ ቀይ ይቀባል፤ ጣሪያ የማይታይበት ደግሞ አረንጓዴ። ኃላፊዬ ከአዲስ አበባ የመጣ ጨዋ ሰው ነው፤ እንሰት ግን ሙዝ ይመስለዋል።

አንድ ጠዋት የእናቴን ሰፈር ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩ። ቤታችን የለም። ተወልጄ ያደግኩበት፣ ዘመድ አዝማድ የታጨቀበት ግቢ ከላይ ሲታይ እንሰት ብቻ ነው። ኃላፊዬ ባዶ መሬት ነው ብሎ መናፈሻ ሊያደርገው አስቧል። ከአስፋልቱ ማዶ ግን ወጣቶቻችን ደቡብ አፍሪካ ሆነው ያሠሯቸው ባለ ፎቅ ቤቶች በቀይ ደምቀዋል። ዘበኛና ውሻ ብቻ ነው የሚኖርባቸው።

ሰፈሩ ሰው እንዳለበት ብነግረው፣ ለእናቴ ቤት የማዳላ መሰለው። ድሮኑ በሚቀጥለው ሳምንት ስለሚመለስ ያኔ እናያለን አለኝ።

እናቴን እንሰቱን ትንሽ እንመልምለው ብላት ተቆጣች። ሰማይ ላይ ለሚንጫጫ ዕቃ ብላ ያልደረሰ እንሰት እንደማትነካ ነገረችኝ። ከዚያ የራሷን መላ ዘየደች። ድሮኑ በሚመጣበት ቀን ቤት ውስጥ ያለውን አንሶላና ብርድ ልብስ በሙሉ አውጥታ እንሰቱ ላይ አሰጣች። ጎረቤት ሁሉ ተከተላት። ጃጁራ ከተማ ያለችው አክስቴ ሳትቀር የሠርግ ድንኳን የሚያክል ሸራ ሚኒባስ ላይ አስጭና መጣች። መኖራችን ይታወቅ ብለው ነው።

ፎቶው ሲደርስ ኃላፊዬ ደስ ብሎት ጠራኝ። መናፈሻውን ሰርዞ ሰፈሩን የልብስ ገበያ ብሎታል። መሳቅም መናደድም አማረኝ፤ በመጨረሻ ተናደድኩና ተነስ፣ በእግርህ ገብተህ እይ አልኩት።

እንሰቱን ገለጥ አድርጎ ሲገባ ቤቱ ፊቱ ተገተረ። የአጎቴ ልጆች፣ ተከራይ ተማሪዎች፣ ሊጠይቁ መጥተው የቀሩ ዘመዶች ተራ በተራ ብቅ አሉ። እናቴ ቆጮ በአይብ አቀረበችለትና እስኪጠግብ አላናገረችውም። ሲጠግብ እዚህ ግቢ ማን ማን እንደሚኖር ጠየቃት። እሷም ያሉትን ሁሉ ጠርታ ስትጨርስ፣ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ ዓመታት ያለፉትን ወንድሜን ጨመረች። ኃላፊዬ በትህትና፣ ውጭ አገር ያለ ሰው እዚህ ይኖራል እንደማይባል አስረዳት።

"አልጋው አለ" አለችው። "በየሳምንቱ አነጥፍለታለሁ። የዚህኛውም አለ" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

እኔ ቢሮው አጠገብ ቤት ተከራይቼ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፤ ኃላፊዬም ይህን በደንብ ያውቃል። ዞር ብሎ አየኝ።

"አዎ" አልኩት፣ "እዚሁ ነው የምኖረው።"

ሰፈራችን በማግስቱ ቀይ ተቀባ።