አሚን የተባለለት የብራዚል ዜማ

ዛሬ ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ አንድ ለስለስ ያለ የብራዚል ዜማ በሳክስፎን ተጫውቼ ስጨርስ አንድም ሰው አላጨበጨበም።

አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ ለዓመታት የተጫወትኩትን ሙዚቃ ለአገሬ ሰው ሳሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከንፈሬ ደረቀ። (ሳክስፎን ነፊ ከንፈሩ ከደረቀ ሥራ ፈታ ማለት ነው።)

ከዚያ የሙሽሪት አያት እጃቸውን ዘርግተው "አሚን" አሉ። አዳራሹ በሙሉ "አሚን" ብሎ ተቀበለ።

ሄጄ እጃቸውን ስሜ፣ "አባባ፣ ሙዚቃ እኮ ነው" አልኳቸው።

"እንዲህ ቀስ ብሎ ሲለምን ዱዓ መስሎኝ ነው። አብሽር ልጄ፣ አሚን ከተባለ አይመለስም። በል ድገመው፣ አሁን እናጨበጭብልሃለን።"

እፎይ ብዬ ደገምኩት። አጨበጨቡ። ደሴ ቤቴ የገባሁት ግን አሚኑን ይዤ ነው።

እናንተስ ሥራችሁን ለአገራችሁ ሰው መጀመሪያ ስታሳዩ ምን አሏችሁ?