ቃለ ጉባኤ ያዥ ሳለሁ

የመጀመሪያውን ማመልከቻ የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ቃሉን የነገሩኝ ግን የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ጋሼ እላቸው ነበር። እኔ ክር በምፈትልበት የባሕር ዳር ፋብሪካ መካኒክ ነበሩ። ንጉሡ ከወረዱ ገና ብዙ አልቆየም። ሦስት ነገር ጠየቅን፦ የሚጠጣ ውኃ እንዲገባልን፣ የወለደች ሴት እንድታርፍ፣ አለቆች ሠራተኛ እንዳይመቱ። ሁሉም ተፈቀደ። ቧንቧው የተከፈተ ቀን ሴቶቹ እልል ሲሉ ጋሼ ውኃውን ቀምሰው፣ ዝገት ዝገት ይላል ብለው መፍቻቸውን ይዘው መጡ።

ቀጥሎ የውይይት ክበብ ተቋቋመ። ዓርብ ዓርብ ከሥራ መልስ በምግብ አዳራሹ እንሰበሰባለን። የሚያወያየን ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት አስተማሪ ነበር። በትርፍ ሰዓቱ ጠራጊዎቹን ፊደል ያስቆጥራል፤ ጋሼንም እርስዎ ይላቸዋል። እኔን ጽሕፈቴ ያምራል ብለው ቃለ ጉባኤ አስያዙኝ።

ነገሩ የከረረው ቀስ በቀስ ነው። አንድ ዓርብ ስለ ምሳው ያነሣች ሴት፣ ስለ ሆድ ሳይሆን ስለ ሥልጣን እናውራ ተባለች። በሌላው ዓርብ ለማጨብጨብ የዘገዩትን ስም እንድመዘግብ ታዘዝሁ። መዘገብሁ። ከዚያ በከተማው ሰው ይገደል ጀመር፤ በዚህም ወገን በዚያም። አስተማሪው ሽጉጥ ታጥቆ ይመጣ ጀመር።

በዚያ ሰሞን ነው ጋሼን ያስነሣቸው።

"አንተ" አላቸው። ብዕሬ ቆመ። "ውኃ ለምነህ ትግሉን ያቀዘቀዝህ አንተ ነህ። ጥገናዊ ለውጥ የሚፈልግ አድኃሪ ነው።"

"ልጄ፣ ሰዉ ጠምቶት ነበር" አሉ ጋሼ።

ውግዘቱን የሚደግፍ እጁን ያንሣ ተባለ። አዳራሹ በሙሉ አነሣ። አስተማሪው ወደኔ ዞሮ "ጸሐፊዋስ?" አለ። አነሣሁ። ጋሼ አዩኝና ዓይናቸውን ወደ ወለሉ መለሱ። በሙሉ ድምፅ ብዬ ጻፍሁ።

ቃለ ጉባኤው ሰኞ ለቀበሌ ይሰጣል፤ እዚያ የደረሰ ስም ምን እንደሚገጥመው አውቅ ነበር። ግሽ ዓባይ ሰፈር ወዳለው የእህቴ ቤት ሮጥሁና፣ ነገውኑ ከከተማ ይውጡ አልኋት። ስብሰባውን ነገርኋት፤ እጄን ማንሣቴን ግን አልነገርኋትም። ጋሼም ተቀምጠው እየሰሙ አልነገሯትም።

ቅዳሜ ገበያ ነው። የዘጌ ሰዎች እንጨት በሐይቁ ላይ በታንኳ አምጥተው ሸጠው ይመለሳሉ። ከአንደኛው ጋር ተነጋገርን። ጋሼ ጋቢ ተከናንበው የጨው ከረጢት ያዙ። ሐይቁ ዳር ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች ቆመዋል። አንደኛው ከረጢቱን ፍታ አላቸው። እጃቸውን አወጡ፤ የማሽን ዘይት የጠገበ እጅ የገበሬ እጅ አይመስልም። እህቴ ፈጥና ከረጢቱን ነጠቀቻቸውና ራሷ ፈታችው። ጥበቃው ጨዉን ቀምሶ ሂዱ አለ። ታንኳው ከደንገሉ ሣር ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አንዳችን ሌላችንን አላየንም።

ጋሼ ከዘጌ በሐይቁ ማዶ ወዳለችው ደልጊ ተሻገሩ። ወፍጮ እየጠገኑ ኖሩ፤ እህቴም በዓመቱ ተከተለቻቸው።

አስተማሪው ግን ብዙ አልቆየም። ከእሱ የባሱ መጡና በዚያው አዳራሽ አስነሡት። አድኃሪውን ያስመለጥኸው አንተ ነህ፣ ልብህ ለስላሳ ነው አሉት። ፊቱ አመድ መስሎ ወደኔ ተመለከተ።

"ጓድ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ። አንብቢላቸው።"

ያስመለጥኋቸው እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። እሱ ጋሼን ያወገዘበትን ገጽ አነበብሁላቸው፤ ማንም አልሰማኝም። እጅ አንሡ ሲባልም እንደገና አነሣሁ። በር ላይ በቆመች መኪና ይዘውት ሄዱ።

ክረምት ላይ እናቱ ከአዲስ አበባ መጡ። በፋብሪካው በር ቆመው የወጣውን ሠራተኛ ሁሉ ይጠይቁ ነበር። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ክንዴን ያዙኝ።

"ልጄ፣ የት እንደወሰዱት ታውቂያለሽ?"

አላውቅም አልኋቸው። እሱስ እውነት ነበር።