የአባቴ ብስክሌትና የጣዎሱ ጭራ

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ዝናብ ይዞኝ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ከጣሪያዋ እስከ መሪዋ በፕላስቲክ አበባና በቀይ ዘርፍ ተሸልማ፣ ጉድጓድ በገባን ቁጥር ዘርፉ ፊቴን ሲጠርገኝ፣ «ልጄ፣ ይኼ ሁሉ ምን ይሠራልሃል?» ብዬ ሾፌሩን ብጠይቀው «ለውበት ነዋ፣ ማዘር!» አለኝና ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። የእርጥብ ጎማና የዘይት ሽታ ግን ሳቄን አስጥሎኝ፣ ልቤ በጃንሆይ ዘመን ወደነበረችው ነቀምቴ፣ ወደ አባቴ ብስክሌት ነጎደ።

አባቴ ለሥራ ከጎጃም መጥቶ በዚያው የቀረ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። ደመወዙ ትንሽ፣ አለባበሱ ግን የትልቅ ሹም ነው። ብስክሌቱንም እንደ ራሱ ያለብሰው ነበር፤ ኮርቻው ቀይ ከፋይ፣ መሪው ግራና ቀኝ መስታወት፣ የጎማው ሽቦዎች ባለቀለም ክር። ከሁሉ በላይ የሚኮራው ግን ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጦ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ቀለም ነጠብጣብ ጥሎበት፣ ከኋላ ጎማው በላይ ባቆመው የጣዎስ ጭራ ነበር። ጠዋት ቁልቁለቱን ሲወርድ የሰፈር ልጆች «ጣዎሱ መጣ!» እያሉ ይከተሉታል፤ እሱም ያልሰማ መስሎ አንገቱን ይሰብቃል።

ችግሩ፣ ጭራው የቆመው ዕቃ መጫኛ መግባት በነበረበት ቦታ ላይ መሆኑ ነው። እናቴ ጫልቱ ከነቀምቴ ወጣ ብላ የምትገኘው የዲጋ ልጅ ናት፤ ለሥራ እንጂ ለጌጥ ጊዜ አልነበራትም። እህሉን በጀርባዋ አዝላ ወፍጮ ቤት ስትሄድ አባቴ በባዶ ብስክሌት አጠገቧ ያልፋል። «አባ ወርቄ፣ እስቲ ጤፉን በጭራው ላይ ስቀልልኝ» ትለዋለች በስሜ እየጠራችው። «ኸረ ጫልቱ፣ ብስክሌት እኮ አህያ አይደለም!» ይላታል። «አህያማ ትሠራለች» ብላው ትሄዳለች። ይህን ጨዋታቸውን ሰምቼው ያደግሁ ስለሆነ፣ ባልና ሚስት የሚዋደዱት በዚህ ዓይነት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት፣ እናቴ ጭቃ አንሸራቷት እግሯ ወልቆ፣ ወጌሻ አሽቷት እቤት በተቀመጠችበት ሰሞን፣ የእናቴ ወንድም፣ ኤሱማ የምንለው፣ ከዲጋ በእግሩ መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። ዝናቡ ከጋቢው ላይ ይንጠባጠባል። ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «አባን ሲ ዋማ» አላት፤ አባትሽ ይጠራሻል ማለቱ ነው። እናቴ የያዘችው ሰፌድ ከእጇ ወደቀ። አያቴ ልጁ የማያውቀውን የሩቅ አገር ሰው በማግባቷ አዝኖ፣ ከሠርጓ ወዲህ ስሟን በአፉ ጠርቶ አያውቅም ነበር። አሁን ሊሞት ነው፤ ጠራት።

መኪናዎቹ ጭቃ ይዟቸው መንገዱ ተዘግቷል። በቅሎ ፈልገን አጣን። ኤሱማ ጎረቤት ጠርተን በቃሬዛ እንውሰዳት ቢል እናቴ በእንባ መሐል ተቆጣች፤ «አባቴ እንደ ሬሳ በቃሬዛ ስመጣ ካየኝ፣ ደንግጦ ሳያናግረኝ ነው የሚሞተው!» አለች።

አባቴ ፒንሳውን አምጥቶ ከብስክሌቱ ጀርባ ተንበረከከና የጣዎሱን ጭራ መፍታት ጀመረ። ብሎኑ ዝጎ ስለነበር እጁ ተላጠ። ፈትቶ ሲጨርስ ጭራውን ግድግዳ አስደግፎ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ወደ ቀጥቃጩ ቤት ሄደ፤ ሲመለስ ከኋላ ጎማው በላይ ወፍራም፣ ጥቁር፣ ምንም መልክ የሌለው የብረት መጫኛ ተገጥሞ ነበር። የኮርቻውን ከፋይ ገፎ አጥፎ አነጠፈበት። እናቴን አቅፎ አስቀመጣትና «ወገቤን ያዢ» አላት። በሰው ፊት ሲነካኩ መጀመሪያ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

እኔ ጎረቤት ቀረሁ። የመንገዱን ነገር እናቴ ናት በኋላ ያወራችን፤ አባቴ ቁልቁለቱን እየጋለበ፣ ዳገቱን እሱና ኤሱማ እየገፉ፣ ጭቃው ጎማውን ሲይዘው የጎማዎቹን ጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎዎቹንም ነቅሎ መንገድ ዳር ካለ ቤት እየተወ፣ ሲመሽ ዲጋ ደረሱ። እናቴን ደግፈው ከአባቷ መኝታ አጠገብ አስቀመጧት። አባቴ ጭቃ በጭቃ ስለሆነ አፍሮ ደጅ ቀረ። ሽማግሌው የልጁን እጅ ይዞ ብዙ አለቀሰና፣ በምን እንደመጣች ጠየቃት። ነገረችው። «ታዲያ ደጅ ምን ያደርጋል?» አለ። አባቴ ጫማውን አውልቆ፣ አንገቱን ደፍቶ ገባ። «ኢልማ ኮ» አለው አያቴ፤ ልጄ። ሽማግሌውን ሰኞ ቀበሩት።

ከለቅሶው ሲመለሱ እናቴ ጭራውን ግድግዳው ሥር አገኘችው። በቀሚሷ ጫፍ ቀለሙን ጠራረገችና ራሷ ይዛ ወደ አባቴ ሄደች።

«አባ ወርቄ፣ መልሰህ ግጠመው። ያምርብህ ነበር።»

አባቴ ጭራውን አየው፤ ቀጥሎ እሷን አያት።

«አንቺስ የት ትቀመጫለሽ?» አላት።

ከዚያ በኋላ በገበያ ቀን ከኋላው ተቀምጣ፣ ዘንቢሏን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ በአንድ እጇ ወገቡን ይዛ ስትሄድ ማየት ከተማው ሁሉ ለመደ። ሴት ወይዘሮ በብስክሌት ብለው የሳቁም ነበሩ፤ አባቴ ለነሱም ባርኔጣውን ያነሣላቸዋል። እኔ ከኋላ እየሮጥሁ «ሱታ፣ ሱታ!» ስትለው እሰማለሁ፤ ቀስ በል ማለቷ ነው። እሱ ግን አማርኛ ብቻ እንደሚያውቅ ሆኖ ይፈጥናል፤ እሷም ትስቃለች።

አባቴ ቀድሞ ሞተ፤ እናቴም ብዙ ሳትቆይ ተከተለችው። ብስክሌቱ በማን እጅ እንዳለፈ አላውቅም፤ ፈልጌውም አላውቅ። እኔም አግብቼ፣ ወልጄ፣ መኪና የሚነዱ ልጆች አድርሻለሁ፤ የትም ቢሆን ያደርሱኛል፣ በሩንም ይከፍቱልኛል። ከሁለቱም ወላጆቼ ዕድሜ በላይ ኖሬም ግን፣ ከኋላው ተቀምጬ ወገቡን ይዤ «ቀስ በል» የምለው ሰው አላገኘሁም።