ወለተ ሐና እና የሲኒማው ሴት

ወለተ ሐና የመስቃን ልጅ ናት። አዲስ አበባ የሐኪም ረዳትነት፣ ማለት ድሬሰርነት፣ ተምራ በ1962 ዓ.ም. ቡታጅራ ክሊኒክ ተቀጠረች። ከቆላ የሚመጡ የወባ በሽተኞችን ጣት በመርፌ ወጋ እያደረገች ጠብታ ደም መስታወት ላይ ትቀባለች። ሕፃናት ያለቅሳሉ፤ እናቶቻቸው ይመርቋታል።

በጥቅምት አንድ ሰው ከአዲስ አበባ የሲኒማ ማሳያ ማሽን ይዞ መጣ። የበርበሬ መጋዘን ተከራይቶ፣ መስኮቱን በጆንያ ጋርዶ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልም አሳየ። ወለተ ሐናም በበርበሬው ሽታ እያስነጠሰች ገብታ ተቀመጠች። የፊልሙን የፈረንጅ ቋንቋ የሚሰማ ስላልነበረ፣ ጎጃሜው መምህር ያረጋል ከፊት ቆሞ ያስረዳል።

ሸራው ላይ ጥቁር ካባ የለበሰ ጌታ የአንዲት የታጨች ልጃገረድን አንገት ነክሶ ደሟን መጠጠ። ሞተች። ከዚያ ነጭ ለብሳ ከመቃብር ተነሣች።

"አሁን እሷም ደም መጣጭ ሆነች!" አለ ያረጋል።

ሴቲቱ ከንፈሯ ቀልቶ ወደተኛ ሕፃን ስታጎነብስ መጋዘኑ በጩኸት ተናጋ። በመጨረሻ የገዛ እጮኛዋ ደረቷ ላይ ችካል ተከለባት፤ ሰዉ አጨበጨበ። ወለተ ሐና ግን አላጨበጨበችም። መጀመሪያ የተነከሰችው እሷ አይደለችም እንዴ? ካባ ለባሹስ የት ገባ? የጠየቀ የለም።

ሰኞ ነጭ ጋውኗን ለብሳ ብቅ ስትል፣ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ተያዩ። አንዷ ልጇን በነጠላዋ ሸፈነች።

"ደማችንን የት ነው የምትወስጂው?"

"ለምርመራ ነው፣ እህቴ።"

የዚያን ቀን ጣቱን የሰጣት አልነበረም። ዓርብ የመርፌ ቦርሳዋን አንግታ ገበያ ውስጥ ስታልፍ ከኋላዋ "መጣጯ!" የሚል ድምፅ ተነሣ። ድንጋይ ትከሻዋን መታት። ሮጠች፤ ብዙ እግር ተከተላት።

ክፍት ያገኘችው የቆጮ ነጋዴዋን የሀጀራን በር ነበር። ሀጀራ ጎትታ አስገባቻትና በሩን ሸጎረች። ውጭ "አውጪልን!" እያሉ ይደበድባሉ። ጥግ ላይ የሀጀራ ልጅ ዘይባ በትኩሳት ትንቀጠቀጣለች።

"ደሟን ልይላት?" አለች ወለተ ሐና፣ እያለከለከች።

ሀጀራ የመርፌዋን ቦርሳ አየች። "ወላሂ እፈራሻለሁ። ግን ትኩሳቱን የበለጠ እፈራለሁ።" የልጇን ጣት ዘረጋች።

በዚህ መሐል የሀጀራ ባል ሰይዶ ከመስጊድ ደረሰ። ደጃፉ ላይ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ቆመና፣ "ቤቴ የገባች እንግዳዬ ናት። በእኔ ላይ ተራምዳችሁ ግቡ" አለ። ሲያጉረመርሙ ቆይተው ተበተኑ። የልጁን ደም የተቀባበትን መስታወት ራሱ ክሊኒክ አድርሶ ኪኒን ይዞ ተመለሰ።

ዘይባ ዳነች። መርፌ ፈርተው ልጆቻቸውን ቤት ያስቀሩ ሁለት እናቶች ግን ልጆቹን ቀበሩ። ከዚያ በኋላ ሰዉ አንድ በአንድ ወደ ክሊኒኩ ተመለሰ፤ ጣቱን ይሰጣታል፣ ፊቷን ግን አያይም።

በዓመቱ ወለተ ሐና ወደ ወልቂጤ ተዛወረች። እዚያ ያን ወሬ የሰማ አልነበረም፤ ክሊኒክ እንደምትሠራ ሴት ሁሉ ተከበረች፣ አገባች፣ ወለደች። ሆኖም ገበያ መሐል የሰው ሳቅ ከኋላዋ ሲሰማ፣ ልጆቿን ይዛ ወደ ቅርቡ ሱቅ ትገባና ሕዝቡ እስኪያልፍ ትቆማለች።