ዳማና የላምባው ሳጥን

ላምባ ሲሸተኝ ሳቄ ይመጣል። ትናንት የልጅ ልጄ የባጃጁን ዕቃ ፈታትቶ ደጃፌ ላይ በላምባ ሲያጥብ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ብቻዬን ስስቅ አየኝና «እማዬ፣ ምን ታየሽ?» አለኝ። ምን ብዬ ልንገረው? የታየኝ ቡችላ ነው። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጆሮው የወደቀ፣ ሆዱ ከእግሩ የሚቀድም ቀይ ቡችላ። ስሙ ዳማ ነበር።

ያኔ እኔ ገና ጋሜ ነበርኩ፤ በጃንሆይ ዘመን። የፊተኛውን ውሻችንን ጅብ በአጥሩ ቀዳዳ ስቦ ወስዶት ስለ ነበር፣ አጎቴ ከሮቢት በኩል ይህንን በኩታው ሸፍኖ አመጣልኝ። እንግዲህ ደጅ እንዳይተኛ ጅቡ አለ። ቤት ውስጥ እንዳይለቀቅ ደግሞ አባቴ አለ። አባቴ ውሻ መደብ ላይ ሲወጣ ካየ ያን ቀን እህል አይቀምስም፤ እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

በዚያን ጊዜ ላምባ የሚመጣው በቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮው ሁለት ሁለት እየሆነ በጣውላ ሳጥን ይታሸግና በጭነት መኪና ቆቦ ይደርሳል። እናቴ ባዶውን ሳጥን ከባለ ሱቁ ለምና አመጣችልኝ። በሩን ከማዳበሪያ ጆንያ… ኧረ ማዳበሪያ ያኔ የት አለ፣ ከጨው ጆንያ ሠራሁለትና ጥጃው ከሚታሰርበት ጥግ አስቀመጥኩት። «ይኸው ቤትህ» አልኩት።

ዳማ ግን ቤቴ አላለም። የማሽላ ገንፎ በወተት አርሼ ውስጡ ባስቀምጥለት፣ እግሩን ደጅ ተክሎ አንገቱን ብቻ እንደ ዝይ ይሰድና ጎርሶ ይወጣል። ከዚያ ያስነጥሳል። ገፍቼ አስገብቼ ጆንያውን ስዘጋበት ደግሞ የሚያሰማው ልቅሶ፣ እናቱ የሞተችበት ሰው እንደዚያ አያለቅስም። መንደሩ በሙሉ ሲያዛጋ ይውል ጀመር።

አባቴ አንድ ጧት በሬዎቹን እየጠመደ፣ ፊቱን ሳያዞር ተናገረ።

«ይህ ልቅሶ ጅብ ጠርቶ ጥጃዬን ያስበላኛል። እስከ ገበያው ቀን ዝም ካለ ይቀራል። ካላለ ለግመል ነጂው ነው።»

ግመል ነጂው ከአፋር በኩል ጨው ጭኖ የሚመጣ፣ የአባቴ ደንበኛ ነው። ቡችላውን ባለፈው ሲያየው ወዶት ነበር። ደግ ሰው ነው፣ ግን አገሩ ሩቅ ነው። እኔ ያን ቀን ማሽላ ስጠብቅ ማማው ላይ ወጥቼ፣ ወፉን ሁሉ ትቼ ወደ ታች ወደ በረሃው ሳይ ዋልኩ። ሜዳው በፀሐይ እየተንቀጠቀጠ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዳማ እዚያ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ ታየኝ።

ማታ ስመለስ ጎረቤታችን፣ እማማ የምላቸው ሙስሊም ባልቴት፣ ከአጥሩ በላይ አዩኝ። ነገርኳቸው። ሳጥኑን አምጪ አሉኝና አሸተቱት።

«ያ ረቢ! አንቺ ልጅ፣ ላምባ ውስጥ ነው እንዴ የምታስተኚው? የወተቱን ቅል ሳታጥኑ ትቀዱበታላችሁ?»

«ወይራ የለንም፣ እማማ።»

«ወይራ እኔም የለኝም። ወይባ አለኝ።»

ወይባ የሴት ነው። ሴት ጉድጓድ ምሳ፣ ወይባውን አጭሳ፣ ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ለብሳ የምትቀመጥበት እንጨት ነው፤ ወገብ ያጠናል፣ ገላ ያሳምራል። እማማ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ከቤታቸው አይጠፋም። ፍላጭ ሰጡኝ፣ ሳጥኑን በጢሱ ላይ ደፋሁት። እናቴ አይታ ወገቧን ያዘች።

«ለውሻ ወይባ? ልትሞሽሪው ነው?»

«እጠኚ ያሉኝ እማማ ናቸው።»

«እንግዲያማ ሚዜውንም እሳቸው ይፈልጉልሽ።»

እማማ ደግሞ አንድ ነገር አስጠንቅቀውኝ ነበር። በሩን እንዳልዘጋ፣ ራሱ ገብቶ ራሱ እስኪተኛ እንድተወው። ተውኩት። ሳጥኑ ሞቅ ያለ፣ ጣፈጥ ያለ ጢስ ይሸታል። ዳማ ዞረው፤ አሸተተው፤ አንድ እግር አስገባ፣ ሁለተኛውን አስከተለ። ገንፎውን በልቶ ሳይወጣ እዚያው ተጠቀለለ። በየቀኑ እያጠንኩ፣ ጆንያውን መጀመሪያ ግማሽ፣ ኋላ ሙሉውን አወረድኩበት። ዝም አለ።  አባቴ ግን ሐሳቡን ይቀይር አይቀይር አልታወቀኝም።

የገበያው ቀን ደረሰ። ግመል ነጂው በጧት ግመሎቹን ደጃችን አንበርክኮ ከአባቴ ጋር ቆመ። እኔ ዳማ እንዴት ዝም ብሎ እንደሚተኛ ላሳያቸው ሮጥኩ። ጆንያውን ገለጥኩት። ባዶ ነው።

ጥጃው ሥር የለም። አጥሩ ሥር የለም።  አባቴ «ይኸው፣ ቤቱንም አላወቀ» ሲል፣ ከእማማ ቤት ጩኸት ተሰማ።

«ቢስሚላህ! ቢስሚላህ! ከሥሬ ነፍስ ያለው ነገር ገባ!»

ሁላችንም ወደዚያው። እማማ ለካ ወይባቸው ላይ ተቀምጠዋል።

«ወንድ እንዳይገባ!» አሉ ከውስጥ። እኔ ገባሁ። እማማ ከብርድ ልብሱ ራሳቸው ብቻ ወጥቶ፣ ፊታቸው በላብ ወርዝቶ ተቀምጠዋል። ከጉልበታቸው ሥር የዳማ ጭራ ይወዛወዛል። ጢስ ሲሸተው ሳጥኑ መስሎት ገብቶ ሊተኛ ይዞራል።

አባቴ ከደጅ፣ «ምን ሆኑ፣ እትዬ?» አለ።

«ውሻህ ሊሞሸር መጥቷል! ልጅህ በወይባ አስለምዳው፣ አሁን ወይባ ባለበት ሁሉ ቤቱ ሆኗል። ለዚያ ሰውዬ ስጠውና ያገሩን ሴት ሁሉ ከጢሷ ያስነሣልህ!»

 ከዚያ የግመል ነጂው ድምፅ መጣ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው።

«ይቅር። ይሄ ውሻ ግመል አይጠብቅም። ሴት ቤት ይወዳል።»

ዳማን አቅፌ ስወጣ አባቴ ኩታውን አፉ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እማማ ግን ውሻ ነክቷቸዋልና ብርድ ልብሱን በአፈርና በውሃ አሳጠቡኝ፤ ሳጥብ ከላዬ ቆመው እየሳቁ።

ዳማ ቀረልኝ። ክረምት ገብቶ ወጣ፣ እሱም አደገ። ከሳጥኑ በላይ አደገ እንጂ ሳጥኑን አልተወም። ራሱን አስገብቶ ይተኛል፣ የኋላ እግሮቹ ደጅ ይቀራሉ።

አንድ ቀን ከውሃ ስመለስ ቤቱ ውስጥ ቋ ቋ የሚል የመዶሻ ድምፅ ሰማሁ። አባቴ መሬት ላይ ተንበርክኳል። የሳጥኑን ጀርባ ፈቶ፣ ከራሱ አልጋ የነቀለውን ጣውላ እየመታ ያስረዝመዋል። ዳማ አጠገቡ ተጋድሞ፣ አንድ እግሩን በአባቴ ጭን ላይ ጥሏል። አባቴ እግሩን አላነሣውም፤ በዚያው እንደ ተመቸው፣ ሚስማር ከአፉ እያወጣ ይመታል።

ቀና ብሎ አየኝ።

«እግሩ ውጭ ካደረ ጅብ ይስበዋል» አለኝ፣ እንደ ተቆጣ ሰው።

እንስራዬን እንዳዘልኩ ቆሜ ቀረሁ። ዛሬ አባቴም የለ፣ ዳማም የለ። ያን ቀን ግን ሁለቱም እዚያው ጥግ ነበሩ፤ በበሩ የገባችው ፀሐይ በሁለቱም ጀርባ ላይ ተኝታለች። እንዳያዩኝ ብዬ ሳይሆን፣ እንዳይነሡብኝ ብዬ፣ ኮቴዬን ሳላሰማ ወደ ደጅ ተመለስኩ።