ያልፈታሁት ስፌት

ከመቱ ሶር ፏፏቴ ድረስ ሰው ይዞ በመውረድ እኔን የሚያክል የለም። ይሄን የምለው ጉራ ለመንፋት አይደለም፤ እሺ፣ ለመንፋትም ነው። ግን እውነት ነው። ጫካው ውስጥ መንገድ ሲጠፋ ጉሬዛው ራሱ ዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ እኔን ነው የሚያየው። ትምህርት ላይ ግን ብዙም አልገፋሁም። ስድስተኛ ክፍል እኔና ሒሳብ ተጣላን፣ ሽማግሌም ሳይገባ ቀረ፣ ይኸው እስከ ዛሬ አልታረቅንም።

ታዲያ አንድ ቀን አንድ መምህር ተማሪዎቹን ይዞ መቱ መጣ። ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደሆነ አልናገርም። ፊት ለፊት አንቱ እለው ነበር፤ እዚህ ግን እሱ ብዬዋለሁ፣ ይቻለው። ተማሪዎቹ ስለ ደን ነው የሚማሩት፣ የኬንያን ደን ሊያዩ ሊሄዱ ነው። አብዛኞቹ እንኳን ኬንያን ሞያሌንም አያውቁም። መምህሩም ተማሪ ይዞ ድንበር ሊሻገር የመጀመሪያው ስለሆነ ፈርቷል። መጀመሪያ እኛ ጋ አምጥቶ ሊያለማምዳቸው አሰበ። ገደል ላይ እርስ በርሱ የሚጠባበቅ ልጅ ሰው አገርም አይጠፋም ነው ነገሩ።

እኔ ሰው ሳወርድ አንድ ሕግ አለኝ። ከፊት ማንም ይምራ፣ ከኋላ ግን ጅራት ያስፈልጋል። ጅራት ማለት የመጨረሻው ሰው ነው፤ ከሱ ኋላ ማንም አይቀርም። የደከመው ሲቀመጥ ጅራት አብሮ ይቀመጣል፣ ፎቶ የሚያነሳው ሲዘገይ ጅራት ይሳደባል። የዛን ቀን ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቁልቁለቱ ሳሙና ሆኗል። "ሱታ! ሱታ!" እላለሁ፤ ኦሮምኛ የማይሰማውም በቂጡ ሲንሸራተት ቀስ ማለት እንደሆነ ይገባዋል። አንዲት የአዲስ አበባ ልጅ ጭቃው ላይ እንደተቀመጠች፣

"አንተ፣ እዚህ ሰው ሞቶ ያውቃል?" አለችኝ።

"ያውቃል። ግን ሁሉም የሞቱት ጥያቄ ሲያበዙ ነው።"

መምህሩ ይሄን ሁሉ ሲያይ ቆይቶ፣ ዳገቱን ስንወጣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ "ኬንያም እንዳንተ ያለ ጅራት ነው የሚያስፈልገኝ" አለኝ። "ፓስፖርት አለህ?"

"አለኝ፣ መምህር" አልኩት። የነበረኝ የቀበሌ መታወቂያ ነው፣ እሱም ፎቶው አጎቴን ይመስላል። ጉዞው ገና ስለነበር ጅማ ተመላልሼ አወጣሁ። ከጅማ ወዲያ አይቼ አላውቅም ነበር፣ ዛሬም አላውቅም። ያኔ ግን ፓስፖርቱን በደረት ኪሴ ይዤ፣ ጫፉን ብቅ አድርጌ፣ ባጃጅ ተራው መሃል ስንጎራደድ ብታዩኝ አምባሳደር ነው ትሉ ነበር። "ወዴት?" ሲሉኝ "ውጭ" ነው የምለው። ኬንያ ብል ያንሳል።

ወሬ እኛ ጋ ከአውቶቡስ ይፈጥናል። እዚሁ ቅርባችን ካለችው ከቡሬ አንድ ሽማግሌ በጄሪካን ማር ይዘው መጡ፣ ናይሮቢ ላለ ዘመዳቸው ላደርስላቸው። ከኡካ ሌላው ቡና ላከ። እነሱን በቀልድ መለስኳቸው። ባለማሩን "ኬንያ ንብ የለም እንዴ፣ ጋሼ?" አልኳቸው፣ ሰውየው ስቀው ጄሪካናቸውን ይዘው ሄዱ። መምህሩ ሰው የሰጠውን ዕቃ ማንም እንዳይዝ ብሎናል። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ተማሪዎቹን ሲያለማምድ ደግሞ እኔን ነበር የኬንያ ፖሊስ ያደረገኝ። ግንድ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ኮፍያዬን አጣምሜ፣ "ሻንጣውን ማን አዘጋጀው? ሰው የሰጠህ ነገር አለ?" እያልኩ አስለቅሳቸው ነበር። አንዱን በሶ ይዞ ባገኘው "ይሄ ዱቄት ምንድነው?" ብዬ እጁን አስነስቼ አቁሜዋለሁ።

እትዬን ግን በቀልድ መመለስ አልቻልኩም።

እትዬ ጎረቤታችን ናቸው፣ ጨርቅና ክር የሚሸጡ ጉራጌ። ልጃቸው አብሮ አደጌ ነው፤ ዋና የተማርነው አንድ ላይ፣ የተገረፍነውም አንድ ላይ ነው። በሞያሌ አድርጎ ወጣ፣ ናይሮቢ ደረስኩ ብሎ ደወለ፣ ከዛ ስልኩ ጠፋ። ኢስሊ በሚባል የሐበሻ ሰፈር አየሁት የሚል ሰው አልፎ አልፎ ይመጣል። እትዬ አንድ ጥቅል በአቡጀዲ አድርገው፣ እኔን ፊታቸው አስቀምጠው ዙሪያውን በመርፌ ጥቅጥቅ አድርገው ሰፉት። ክሩን በጥርሳቸው ቆረጡና፣

"በእጁ ስጥልኝ። ዕቃው ምንም አይደለም፣ ፊቱን አይተህልኝ ና" አሉኝ። "አደራ!"

"ማርያምን በእጁ ነው የምሰጠው" አልኩ።

ውስጡ ምን እንዳለ አልጠየቅኩም። እኛ ጋ የተሰፋ አደራ የተሰፋ ነው። "ምን አለበት?" ማለት "አላምንዎትም" ማለት ነው፤ መክፈት ደግሞ ሌብነት ነው። ይሄን መጽሐፍ አላስተማረኝም፣ ማንንም አያስተምርም፣ ሰው ዝም ብሎ ያውቀዋል።

ሊሄዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው መምህሩና ተማሪዎቹ መቱ ተመልሰው መጡ። የመጨረሻው ልምምድ በሚያድሩበት ግቢ ሆነ። ሁሉም ነገ የሚይዘውን ሻንጣ ይዞ ይሰለፋል፣ እኔ ኮፍያዬን አጣምሜ እፈትሻለሁ። ደስ ብሎኛል፣ እየሳቅን ነው። ሁሉም ሲያልፍ ያቺ የአዲስ አበባ ልጅ፣

"ጅራትስ? ጅራት አይፈተሽም እንዴ?" አለች።

"ጅራት አይፈተሽም፣ ይቆላል እንጂ!" አልኩ። ሳቁ ገደሉ ድረስ ይሰማል። "ይፈተሽ! ይፈተሽ!" ብለው ቦርሳዬን ነጠቁኝ። መምህሩም እየሳቀ ኮፍያዬን ወስዶ አደረገና ቦርሳውን ከፈተው። ካጣጠፍኩት ሱሪ ስር አቡጀዲው ወጣ።

"ይሄ ምንድነው?"

"አደራ ነው፣ መምህር።"

"የማን?"

"የጎረቤቴ። ልጃቸው ናይሮቢ ነው።"

"ውስጡ ምን አለ?"

ቡና ነው ብል አልፌ ነበር። ሹራብ ነው ብል አልፌ ነበር። ሐሰት መናገር ደግሞ ከማንም በላይ እችላለሁ፣ ዘንዶ ገድያለሁ ብዬ ቱሪስት አሳምኜ አውቃለሁ። ብቻ የሰው አደራ ላይ መዋሸት አልመጣልኝም።

"አላውቅም" አልኩ። አፌ ደግሞ አያርፍም፣ "ፈንጂ ከሆነ ሲፈነዳ እናውቃለን" ብዬ ጨመርኩ።

ተማሪዎቹ ሳቁ። መምህሩ ኮፍያዬን አውልቆ መለሰልኝ።

"ክፈተው" አለ።

"የተሰፋ ነው፣ መምህር።"

"አያለሁ። ፍታውና እንየው፣ ከዛ መልሰን እንሰፋዋለን።"

"የሰው ስፌት አልፈታም።"

"ነገ የኬንያ ፖሊስ ሲልህስ?"

"እሱ ይፍታው። እጁ ይቆረጥ።"

መምህሩ ወደ ጥግ ወሰደኝ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። "ስማኝ" አለ፣ "የነዚህ ልጆች እናቶች ልጆቻቸውን ለኔ ነው የሰጡት። አንድ ሻንጣ ውስጥ አንድ የማይሆን ነገር ቢገኝ ሁላችንም ነን የምንታሰረው። ክፈተውና ነገሩ ይለቅ።"

"እትዬንም ልጃቸው ናፍቋቸዋል" አልኩ። "እሺ፣ ቤት አስቀምጬው እመጣለሁ።"

ትንሽ አሰበ። ማሰቡን አየሁ፣ ወደ ቤት ለመሮጥ ተዘጋጀሁ።

"አይ" አለ። "ልጆቹን ሰው የሰጣችሁን አትያዙ ብለህ የምትፈትሽ አንተ ነበርክ። ክፈት ብዬህ እንቢ ያልከኝን ሰው ኋላዬ ትቼ ድንበር አልሻገርም። ይቅርታ፣ ወንድሜ።"

ወንድሜ! ከዛ በፊት ብሎኝ አያውቅም።

ማታ ማታ ሳስበው አንዳንዴ እውነቱን ነው እላለሁ። ግን ወዲያው ይመረኛል። እሱን ማን አደራ ይለዋል? አገሩ የግቢው በር ተቆልፎ ነው የሚኖረው፣ ጎረቤቱ ማን እንደሆነ አያውቅም። ሰው የማያውቀው ሰው ቦርሳው ባዶ ቢሆን ምን ይደንቃል? እኔን መቱ ሙሉ ያውቀኛል፤ ያ ነው ወንጀሌ።

በማግስቱ አንድ ባሕር ዛፍ የሚያህል ተማሪ ጅራት ሆነ። አውቶቡሱ ወደ በደሌ ሲዞር ያቺ ልጅ በመስኮት አየችኝና ቶሎ መጋረጃውን ሳበች። ባጃጅ ተራ ስደርስ፣

"እንዴ፣ ኬንያ እንዴት ነበር? ቶሎ መጣህ፣ በአየር ነው?" አሉኝ።

"ዝንጀሮው ሁሉ የናንተን መልክ ይዞብኝ ሰልችቶኝ ነው" አልኩ። ሳቁ። አፌ አይሞትም፣ ሌላው ነው የሞተው።

ጥቅሉን ይዤ እትዬ ሱቅ ገባሁ። ሱቁ ውስጥ ገበያተኞች ነበሩ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደገች እናት ትባረክ እንዲሉኝ ነው የጠበቅኩት፤ ለምን እዋሻለሁ፣ እንዲያውም ያቅፉኛል ብዬ ነበር። እትዬ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ሰሙኝ።

"ክፈት ሲልህ ለምን አልከፈትክም?" አሉ።

"የእትዬን ስፌት እንዴት ነው የምፈታው?"

"ክር እኮ ነው! ቆዳዬ መሰለህ?"

ጨርቅ የሚቆርጡበትን መቀስ አነሱና አቡጀዲውን ከዳር እስከ ዳር ሸረከቱት። ሰማያዊ ሹራብ ወጣ። በፌስታል ሚጥሚጣ ወጣ። አንድ ነጠላ ጫማ ወጣ፣ አዲስ፣ የተጠቀለለበት ላስቲክ እንኳ አልተፈታም። አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ እየወረወሩ፣

"ይኸው! ይኸው! ምን አለበት? ለዚህ ነው ልጄን ሳታየው የቀረኸው?"

"እትዬ፣ እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ..."

"ለኔ ብትል ኖሮ ታየው ነበር" አሉና ዞር አሉ። ገበያተኞቹ እኔን ላለማየት ጨርቅ ማገላበጥ ጀመሩ። የምቀልደው ነገር ፈለግኩ፣ አጣሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም።

ቆይቶ ወደ ናይሮቢ የምትመላለስ አንዲት ነጋዴ ሴት መጣች ተባለ። ሱቁ በር ላይ ቆሜ ነበር። እትዬ ያንኑ ሹራብ፣ ያንኑ ጫማ በአዲስ አቡጀዲ እንደገና ሰፉና ሰጧት። እጇን ይዘው፣ እኔ እየሰማሁ፣

"ክፈቺ ካሉሽ ክፈቺው፣ ልጄ፣ ምንም አይደለም" አሏት።

ለኔ ይቺን ቃል አላሉኝም ነበር።